የውሃው ልክ

አንበሳ ድንች አይበላም፤ ድንች የሚበላውን ግን ይበላል። የዚያ ሸለቆ መንግሥት ሕግ ሲጠቀለል ይኸው ነበር። አንበሳው ጉብታው ላይ ይተኛል፤ ከርከሮና ጃርት ከታች ድንች ያለማሉ፤ ከምንጩ የሚወርደውን ቦይ ደግሞ «የውሃ አባት» ተብሎ የተሾመው አያ ጅቦ ይከፍታል፣ ይዘጋል። አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ከአልሚዎቹ መካከል የወፈረው ተመርጦ ወደ ጉብታው ይወጣል። ሲመለስ የታየ የለም። ጅቦም የተረፈውን አጥንት እየቆረጠመ ውሃ ያከፋፍላል፤ ሹመት እንግዲህ ይህን ይመስላል።

አንድ ዓመት አንበሳው ሥጋው ቀጠነብኝ ብሎ ሸንጎ ጠራ።

«ድንቹ ውሃ አንሶት ነው፣ ጌታዬ» አለ ጅቦ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ቦይ እንዳይዘጋ። ቀንም ሌትም ይፍሰስ።»

እመት ጃርት ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ባሏ እውነት ለንጉሥ ይጠቅማል ብሎ የሚያምን የዋህ ነበር። ተነሣና፣ «ጌታዬ፣ ድንች ውሃ ሲበዛበት አይወድም» አለ። «በሳምንት አንዴ ይጠጣ፤ ሲያብብ ትንሽ ይጨመርለት፤ ሊቆፈር ሲል ይከልከል። አለዚያ ቅጠሉ ያምራል እንጂ ከሥር ይበሰብሳል።»

«ለገዛ አገሬ ውሃ ልከልክል?» አለ አንበሳው፤ ወዲያው በመዳፉ ገልብጦ ሆዱን ዘረገፈው። እሾህ ለጀርባ እንጂ ለሆድ አልተሠራም። ጅቦ ሸንጎው እስኪበተን እንኳ አልታገሠም። እመት ጃርት ባሏ ሲቆረጠም ቁጭ ብላ ሰማች፤ ሁለቱን ልጆቿን ከሥሯ ደብቃ ስለነበር ማልቀስ አልቻለችም።

ውሃው ፈሰሰ። ቅጠሉ የከርከሮ ጆሮ እስኪደርስ አደገ፤ አንበሳውም ከጉብታው አረንጓዴውን እያየ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። ሲቆፈር የወጣው የሚገማ ጭቃ ነው። ከርከሮዎች በየመደቡ ላይ በረሃብ ወደቁ። አንበሳው በአንድ ቀን ሦስቱን ቢዘነጥል ከቆዳና ከአጥንት በቀር አላገኘም።

በሁለተኛው ሸንጎ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። በአገሩ የወፈረ አንድ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ትእዛዝዎን ነው የፈጸምሁት» አለ ጅቦ። ጉሮሮው ተበጥሶ ደሙ ቦዩን ተከትሎ ወረደ። እውነት እንናገር ካልን፣ ያዘነለት የለም።

አንበሳው አፉን እየላሰ ወደ እመት ጃርት ዞረ። «የባልሽን ልክ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ውሃው በእጅሽ ነው። ልጆችሽ ሲወፍሩ ልይ።»

ሄዳ ቦዩ አፍ ላይ ቆመች። ውሃው ከበዛ ድንቹ ይበሰብሳል፣ ልጆቿ በረሃብ ያልቃሉ። ባሏ ባለው ልክ ከሆነ ድንቹ ያምራል፣ ልጆቿ ይወፍራሉ፣ አንበሳው ይበላቸዋል። ስለዚህ ባሏ ያላሰበውን ሦስተኛ ልክ አወጣች፤ የሳምንቱን ተራ ወደ ሁለት ሳምንት አራዘመች፣ ሲያብብም ጠብታ አልጨመረችም። ድንቹ እንቁላል እንኳ ሳያክል ተቆፈረ። ግን ጤነኛ ነው፤ ነፍስ ያቆያል።

«እማዬ፣ አልጠገብንም» አሉ ልጆቿ።

«እሰይ» አለቻቸው።

በሦስተኛው ዓመት አንበሳው ራሱ ወደ መደቡ ወረደ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። አጠገቡ ያገኘውን ከርከሮ አንቆ ጣለና ሲያኝክ፣ ሲያኝክ ቆየ፤ ቆዳውን ተፋው።

«ውሃው ልክ ነው?» ሲል ጠየቃት።

ከርከሮዎቹ አፍንጫቸውን ከአፈሩ አንሥተው አዩዋት። ከመካከላቸው የባሏን ልክ የማያውቅ አልነበረም፤ አሁን የሞተውም ያውቅ ነበር።

«ልክ ነው፣ ጌታዬ።»

ከርከሮዎቹ አፍንጫቸውን ወደ አፈሩ መለሱ። አንበሳው ጉብታውን መውጣት ጀመረ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳውና ተቀመጠ። እመት ጃርት ቦዩን ዘጋች፤ ከዚያም እንደሌሎቹ ቆማ፣ ይነሣ እንደሆነ አየችው።