ለእንግዳ የተቆለፈው ክሊኒክ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። የላም በረት እንኳ እኮ በየማታው ይከፈታል! የዚህ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ግን ትናንት ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አልጋው ነጭ አንሶላ ለብሶ ተቆለፈ። ለምን ቢሉ፣ ዛሬ እንግዳ ሊጎበኘው ነዋ፤ እስከዚያ በሽተኛ ገብቶ እንዳያቆሽሸው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ነርሷ ሲስተር የሺመቤት ደጅ ቀርታለች። የሁለተኛ ክፍሏ ማስተዋል ጠጠር ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተልጧል፤ ጠጠሩ ቁስሉ ውስጥ ገብቷል፣ ደሙ ካልሲዋ ደርሷል። ሲስተር የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ንጹሕ ውኃ፣ መድኃኒትና ፋሻ። ሦስቱም ከበሩ ወዲያ ናቸው። በሩን ገፋችው፤ በር አልከፈት አለ።

ልጅቷን አዝላ ወደ ዘበኛው ሄደች። «ጋሽ ዘርጋው፣ በሞቴ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ሲስተር፣ ምክትሉ ሳይፈቅዱ ዝንብ እንዳይገባ ተብያለሁ» አሉ ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ። በር አልከፈት አለ፣ ዘበኛ ቁልፍ አልሰጥ አለ።

ምክትሉን አበባ ሲደረድሩ አገኘቻቸው። «ርእሰ መምህሩ ሳያዙ እኔ ማን ነኝ? ደግሞ የልጅ ቁስል ቶሎ ይድናል» አሏት። ጉልበቱ የሳቸው አይደለ! በር አልከፈት አለ፣ ዘበኛ ቁልፍ አልሰጥ አለ፣ ምክትል አልፈቅድ አለ።

ርእሰ መምህሩ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «እንግዳ እየተናገሩ ብነሣ ምን ይባላል? አሁን ይጨርሳሉ» ብለው አንሾካሾኩ። በር አልከፈት አለ፣ ዘበኛ ቁልፍ አልሰጥ አለ፣ ምክትል አልፈቅድ አለ፣ ርእሰ መምህር አልነሣ አለ።

ክቡር እንግዳው ስለ ምን የሚናገሩ ይመስላችኋል? ስለ ሕፃናት ጤና! «ለነገ የማይባል ጉዳይ ነው!» ይላሉ። ሲስተር ከሩቅ እጇን ብታውለበልብ፣ «ሰላምታ የሰጠችንን እኅታችንን እናመሰግናለን» አሉና አስጨበጨቡላት። በር አልከፈት አለ፣ ዘበኛ ቁልፍ አልሰጥ አለ፣ ምክትል አልፈቅድ አለ፣ ርእሰ መምህር አልነሣ አለ፣ እንግዳ አልጨርስ አለ።

«አንተ ማይክ፣ መዝሙር ስናዘምር ድምፅህ የሚዘጋው፣ ዛሬ ምነው በረታህ?» አለች ንድድ ብሏት። ማይኩም «መብራት እያለ እንዴት ዝም ልበል?» አላት። መብራቱ ደግሞ፣ በየቀኑ ሳይሸኙት የሚሄደው፣ ዛሬ እንግዳ አክብሮ ቁጭ ብሏል። በር አልከፈት አለ፣ ዘበኛ ቁልፍ አልሰጥ አለ፣ ምክትል አልፈቅድ አለ፣ ርእሰ መምህር አልነሣ አለ፣ እንግዳ አልጨርስ አለ፣ ማይክ ዝም አልል አለ፣ መብራት አልሄድ አለ።

«ሲስተር፣ አመመኝ» አለች ማስተዋል ከጀርባዋ።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለችና አውርዳ ጉልበቷን እፍ አለችላት። እፍ ብቻ ነበር ያልተቆለፈባት። አልቅሺ አልቅሺ አላት። ቀና ብላ የመብራቱን እንጨት አየችው። «ወይ መብራት፣ በሄድክ ቁጥር ስንረግምህ ኖርን። ዛሬ ብቻ ሂድልኝ፣ እመርቅሃለሁ።»

መብራት ተመርቆ አያውቅ፤ ደስ ብሎት ድርግም አለ!

መብራት ሄደ፣ ማይክ ዝም አለ፣ እንግዳ ንግግሩን ጨረሰ። ተናደው ከመድረክ ሲወርዱ የማይኩ ገመድ እግራቸውን ጠለፈውና ጠጠሩ ላይ ተዘረሩ፤ ጉልበታቸው ተላጠ። ርእሰ መምህር ብድግ አለ፣ ምክትል ሳይጠየቅ ፈቀደ፣ ዘበኛ ቁልፉን ይዞ በረረ፣ በር ብርግድ አለ።

«መንገድ ልቀቁ! ክቡር እንግዳው ይግቡ!»

ሲስተር የሺመቤት ግን ማስተዋልን እንዳቀፈች ቀድማ ገባችና ነጩ አንሶላ ላይ አስቀመጠቻት።

«ሲስተር!» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ቀድማ የወደቀች እሷ ናት። ክቡርነትዎ፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ተራዎን ይጠብቁ።»

ቁስሉን አጠበች፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀመች፣ በፋሻ ጠቀለለችላት። አንሶላው ቆሸሸ፤ ክሊኒኩም ገና አሁን ክሊኒክ መሰለ።

የክቡር እንግዳው ተራ ሲደርስ መድኃኒቱ ገና ከመንካቱ «ወይኔ እናቴ!» ብለው ጮኹ። ማስተዋል እያነከሰች መጥታ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«አይዞዎት፣ እፍ ሲሉበት ይተዋል» አለችና ጎንበስ ብላ እፍ አለችላቸው። እሳቸውም ጩኸታቸውን ትተው ጉልበታቸውን አስጠጉላት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦውን ከመቁረሳችሁ በፊት ግን እጃችሁን ታጠቡ፣ ሲስተር እያየቻችሁ ነው።