ያልጠናው ዳሌ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከጎረቤቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ውሻውን ነበር። መሪጌታ ላእከ ነገሩን እንዲህ ብለው ጀመሩት። የጠየቋቸው የሰፈሩ ሽማግሎች ሰብሳቢ አቶ ይርዳው ናቸው፤ ጥያቄያቸውም «ያስታረቅናቸው ወንድማማቾች ለምን መልሰው መላልሰው ያፈርሱብናል?» የሚል ነበር። ስለ ውሻ አልጠየቁም፤ ነገር ግን መሪጌታን ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ጋቢያቸውን ሰብስበው አዳመጡ።

ውሻው ገና ጎረምሳ ነው፤ ዓመት አልሞላውም። ከተወለደ ጀምሮ የጭኑ አጥንት በዳሌው ጉድጓድ በቅጡ አይቀመጥም። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሣል፤ ሲተኛ ያቃስታል። ሰውየው አላስቻለውም፤ አቅፎ ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ሐኪሙም የዳሌውን አጥንት ቆርጦ አዞረና በብረትና በብሎን አሰረው። ሲያስረክበው እንዲህ አለ፦ «የእኔ ሥራ አልቋል፤ የቀረው የአጥንቱ ነው። ጠባብ ማደሪያ ሥራለት። ለሽንት ስታወጣው ከሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፈህ ደግፈው። አይዝለል፣ አይሩጥ። ልብ አድርግ፣ ይዋሽሃል፤ ሕመሙ ሲቀልለት የዳነ ይመስለዋል።»

ሰውየው እንደታዘዘው አደረገ። ግን ጎረቤት አለ። ጎረቤቶቹ የታመመ ሳይጠይቁ የማይውሉ ደጋግ ሰዎች ነበሩና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ውሻ ብርቱካን እንደማይበላ አላጡትም፤ ወግ ግን ወግ ነው።

«እግዜር ይማረው» አሉ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው እየሳቁ።

«አሜን» አለ ሰውየው፤ ሌላ ምን ይበል?

«ሰው ክኒን አጥቶ በሚሞትበት አገር ለውሻ ኦፕራሲዮን!» አለች አንዷ። «ለመሆኑ ዳነልህ?»

«እየዳነ ነው።»

«የሚድን በሽተኛማ ወጣ ገባ ሲል ይታያል። ይኼ እስረኛ ነው። ሐኪሙ በልቶሃል፣ ወንድሜ።»

ሳቁን ችሎት ነበር። «በልቶሃል» የምትለዋን ግን አልቻላትም። ማደሪያው ዘንድ ሄዶ ቁጢጥ ይልና ውሻውን ያየዋል። አጥንት ሲገጥም ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፤ ለጎረቤት የሚያሳየው አንዳች ነገር አጣ። ቆይቶ እሱም መጠራጠር ጀመረ።

የማኅበሩ ተራ እሱ ቤት ደረሰ። ሰው ሞላ፤ ጠላ ተቀዳ። አንዱ ከጥግ ሆኖ «እስቲ በሽተኛውን እንየው!» አለ። ሰውየው ብድግ አለ። የማደሪያውን መቀርቀሪያ ሳበ፤ ወደ ግቢው መሐል ሄዶ አፏጨ።

ውሻው ወጣ። መጀመሪያ ቀስ አለ፤ የጌታውን ፊት ሲያይ ግን ዘለለ። ግቢውን ዞረ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሰውየው በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት ኮርቶ አያውቅም። ውሻው ደግሞ ሊዞር ሲል እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አልጮኸም። የኋላውን እየጎተተ መጥቶ የጌታውን ጫማ ላሰ፤ ጅራቱን ለመቁላትም ሞከረ።

ሐኪሙ ዳሰሰው፤ እጁን ታጠበ። «ብሎኑ አጥንቱን ሰንጥቆ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ የማስርበት ቦታ የለኝም» አለ። ጎረቤቶቹም ወጋቸውን ሳያጓድሉ ለማጽናናት መጡ። «ብለንህ ነበር እኮ» አሉት፤ «ለውሻ ኦፕራሲዮን አይሆንም።» ሰውየው ከዚያ ወዲህ አላፏጨም። ቢያፏጭ፣ እየተጎተተም ይመጣ ነበርና።

መሪጌታ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨርሰው ወደ ጠያቂያቸው ዞሩ።

«አቶ ይርዳው፣ ወንድማማቾቹን ካስታረቃችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን ያላደረግነው አለ፣ መሪጌታ! በየሰርጉ፣ በየክርስትናው ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሕዝቡ አይቶ ይማር ብለን ተቃቀፉ አልናቸው፤ አጎራረስናቸው። ባለፈው ሲጎራረሱ ታናሽየው የታላቁን ጣት ነከሰ እንጂ!»

«እንግዲያው ይስሙኝ። የወንድም ቂም እንደዚያ ዳሌ ነው። ቆርጣችሁ አዞራችሁ፤ በመሐላ አሰራችሁ፤ ይበል። ከዚያ በኋላ ዓይን ሳያርፍባቸው፣ እየተኮራረፉም ቢሆን፣ ቀስ ብለው እንዲገጥሙ መተው ነበር። እናንተ ግን ሽምግልናችሁ እንዲታይላችሁ በየድግሱ አፏጫችሁላቸው። እነሱም አክብረዋችሁ መጡ። አሁን መሐላ የሚይዝበት አጥንት አልቀረም።»

አቶ ይርዳው አንገታቸውን ደፉ። በእውነት ልባቸው የተነካ ይመስል ነበር።

«ገብቶኛል፣ መሪጌታ» አሉ። «የፊታችን እሑድ ደግመን የምናስታርቃቸው አደባባይ ላይ ነበር፤ ይቅር። አዳራሽ ውስጥ እናደርገዋለን፤ ከሁለት መቶ ሰው በላይም አንጠራም።»