የዘውገ ትንሽ ሰሃን

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ እኔ ሳስረዝመው እናንተ ያዙልኝ። አንዲት ቀለበት የጣለ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል፤ እኔ ደግሞ እንደገና ጀምር ሲሉኝ ደስ አይለኝም።

ዘውገ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ፋሲካ ባለፈ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ሱሪውን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ ሱቁ ይመጣል፤ ወገቡን ለቀቅ አድርግልኝ ይለዋል። ዘውገም እየሳቀባቸው ይለቅላቸዋል። የራሱን ሱሪ ግን ሰው በሌለበት ነበር የሚለቀው። አምና በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ ያንኑ ሱሪ እየለቀቀ ሳለ ከስፌት መኪናው ሥር ተዘረረ። በሰው ሸክም ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ ዓይኑን ሲገልጥ አንዲት ነርስ ከራስጌው ቆማለች።

ስኳሩም የደም ግፊቱም ከልክ አልፎ እንደነበር ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ጾም ሲፈቱ ቀስ ይበሉ» አለችው። «ትንሽ ሰሃን ይያዙ፤ ጎመን ያስቀድሙ፤ ስብ አይንኩ። እንደ ዘንድሮው ከበሉ ለከርሞው ፋሲካ እኔም ላላድንዎት እችላለሁ።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ዘውገ ፈሪ ሆነ። የዘንድሮን ጾም እንኳ ደህና ሰነበተ፤ በሽሮና በጎመን ሱሪው ሁሉ ሰፍቶት ነበር። ሕማማት ሲገባ ግን በጎች በየደጁ መጮህ ጀመሩ፣ ዶሮዎች እግራቸውን ታስረው በየበሩ ተጋደሙ፣ የሚነጠር ቅቤ ሽታ በአጥር እየዘለለ መጣ። ሌላው ሰው ምራቁን ሲውጥ ዘውገ ላብ ያጠምቀዋል። ክሩ መርፌው ቀዳዳ አልገባ አለው። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፋሲካ ቀን አንዲት ትንሽ ሰሃን፣ በሰሃኗ ላይም ጎመን።

ቅዳሜ ጠዋት ቀዳም ሥዑር ሆነ፤ ፋሲካ ነገ ነው። ሚስቱ አልጣሽ ሽንኩርት እየከተፈች ዓይኗ ቀልቷል። ዘውገ አጠገቧ ተቀምጦ ፍላጎቱን ነገራት። አልጣሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አልለየለትም። በፋሲካ ገበታ ላይ ጎመን የሚያወጣ ሐዘንተኛ ቤት ነው፣ ወይም ባሏን የሰለቸች ሴት ናት አለችው። «እህትህ ደብሪቱ ምን ትለኛለች? እሷ በአጉራሽ እጇ ከጎንህ ተቀምጣ እኔ ጎመን ላውጣልህ? እፈራታለሁ፣ ዘውገ። መጀመሪያ እሷ ማጉረሷን እንድትተው አድርግ።»

ደብሪቱ ማጉረሱን ካልተወች አልጣሽ ጎመን አታወጣም፤ አልጣሽ ጎመን ካላወጣች ዘውገ ትንሽ ሰሃን አያገኝም፤ ትንሽ ሰሃን ካላገኘ ሲስተሯ ያለችው ይደርሳል። ራሱ አልበላም ቢል ምን ነበረበት የምትሉኝ አላችሁ። እናንተ በእህት እጅ የተዘረጋ ጉርሻ መልሳችሁ አታውቁም። ዘውገ ነጠላውን ጣል አድርጎ ወደ ደብሪቱ ቤት ሄደ።

እትዬ ደብሪቱ ታላቁ ናት፤ በልጅነቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ነገሩን ስትሰማ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። እሷም አምና ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። ነገር ግን ማጉረሱን መተው እንደማትችል ነገረችው። የዘውገ ልጅ ባል፣ ይርጋ፣ በየፋሲካው አክፋይ ብሎ ሙክት እየጎተተ ይመጣል። ስጦታው ገበታ ላይ ከተረፈ ናቁኝ ይላል፤ ናቁኝ ካለ ደግሞ በልጅቷ ላይ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ የተረፈውን ሁሉ ወደ ዘውገ አፍ የምትሰደው ለልጅቷ ፈርታ ኖሯል። «ይርጋ ሙክቱን ያስቅርና እኔ እጄን በነጠላዬ አስራለሁ» አለችው።

ይርጋ ሙክቱን ካላስቀረ ደብሪቱ ማጉረሱን አትተውም፤ ደብሪቱ ማጉረሱን ካልተወች አልጣሽ ጎመን አታወጣም፤ አልጣሽ ጎመን ካላወጣች ዘውገ ትንሽ ሰሃን አያገኝም፤ ትንሽ ሰሃን ካላገኘ ሲስተሯ ያለችው ይደርሳል። ዘውገ መንገድ ላይ ልቡ ዘለለበትና አጥር ይዞ ቆመ። ልቡ ሲረጋለት ወደ ይርጋ ቤት ቀጠለ።

ይርጋ በግቢው ውስጥ ሙክቱን ሽምብራ እያበላ ነበር። ሙክቱ ከመወፈሩ የተነሣ ላቱን መሬት ለመሬት ይጎትታል። ይርጋ አማቱን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ፤ አንሷል ሊለኝ መጣ ብሎ ነው። ሙክቱን አስቀርልኝ ሲለው ደግሞ የባሰ ደነገጠ። ጋሽ ባንቲሁንን እፈራቸዋለሁ አለ። ባንቲሁን ትዳሩን ያገናኙት ሽማግሌ ናቸው። በየፋሲካው ከዘውገ በር ላይ ቆመው፣ ሙክቱ ሳይገባ ላቱን በእጃቸው ይዳብሳሉ። ላቱ ሞላ ካለ ይስቃሉ፤ ቀለል ካለ ግን ዝም ይላሉ፣ ያ ዝምታ ሰፈሩን ያዳርሳል። ይርጋ ባዶ እጁን ከመጣማ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈለገም። «አባባ፣ እሳቸው መዳበሱን ከተዉ እኔ ሙክቱን ዛሬውኑ አስቀረዋለሁ» አለ።

ባንቲሁን ላት መዳበሱን ካልተዉ ይርጋ ሙክቱን አያስቀርም፤ ይርጋ ሙክቱን ካላስቀረ ደብሪቱ ማጉረሱን አትተውም፤ ደብሪቱ ማጉረሱን ካልተወች አልጣሽ ጎመን አታወጣም፤ አልጣሽ ጎመን ካላወጣች ዘውገ ትንሽ ሰሃን አያገኝም፤ ትንሽ ሰሃን ካላገኘ ሲስተሯ ያለችው ይደርሳል። በነገራችን ላይ በዚያ ቀን ከሁሉ የበለጠ የፈራው ሙክቱ ነበር፤ እሱን ግን የጠየቀው የለም።

ጋሽ ባንቲሁን በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ቀበቷቸውን ፈተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ከፋሲካ በፊት እንዲህ ከሆኑ ከፋሲካ በኋላ ምን ሊሆኑ ነው ብሎ ዘውገ በሆዱ ታዘበ። ሽማግሌው የመጣበትን ሰሙ። ላት መዳበስ እሳቸውም እንደማያስደስታቸው፣ ግን አባን እንደሚፈሩ ተናገሩ። አባ የዘውገ የንስሐ አባት ናቸው፤ በፋሲካ ገበታውን ባርከው የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው። አባ እጃቸውን ከገበታው ሳያነሡ ማንም እጁን አያነሣም፤ ይህ የቤቱ ሥርዓት ነው። አባ ደግሞ እዚያ ቤት እጃቸውን ቶሎ አያነሡም። «እሳቸው ሳይበቃቸው ሥጋው ቢያልቅ፣ ባንቲሁን ለደካማ ቤት ልጅ አስዳረ ልባል ነው» አሉ። «ስለዚህ ላቱን እዳብሳለሁ፣ ዳብሼም እበላለሁ፣ በልቼም እታመማለሁ። አባ እጃቸውን ያንሡ፣ እኔም አርፋለሁ።»

አባ እጃቸውን ካላነሡ ባንቲሁን ላት መዳበሱን አይተዉም፤ ባንቲሁን ላት መዳበሱን ካልተዉ ይርጋ ሙክቱን አያስቀርም፤ ይርጋ ሙክቱን ካላስቀረ ደብሪቱ ማጉረሱን አትተውም፤ ደብሪቱ ማጉረሱን ካልተወች አልጣሽ ጎመን አታወጣም፤ አልጣሽ ጎመን ካላወጣች ዘውገ ትንሽ ሰሃን አያገኝም፤ ትንሽ ሰሃን ካላገኘ ሲስተሯ ያለችው ይደርሳል። ተነፈሳችሁ? ዘውገ ግን ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ለሚስቱ መናገር አንድ ነገር ነው፤ የንስሐ አባትን ከገበታ እጅዎን ያንሡ ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ሁለት ጊዜም የሲስተሯ ድምፅ መልሶ አወጣው።

አባ ቄጤማ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ነበር፤ ከአንድ አጥር ሥር ጥላ ፈልገው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ዘውገ ቄጤማውን ተቀብሎ በራሱ ላይ አሰረ፤ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገራቸው። ሲጨርስ አባ አልተቆጡም። ከቀሚሳቸው ኪስ አንዲት የኪኒን ብልቃጥ አወጡና በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው መልሰው ከተቱ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ የምፈራው አንተን ነው» አሉት።

ዘውገ የሰማውን አላመነም። አባ ቀስ ብለው አስረዱት። በሌላው ቤት ባርከው፣ ቀምሰው ይነሣሉ፤ ማንም አይቀየማቸውም። በዘውገ ቤት ግን ሊነሡ ሲሉ ዘውገ በሞቴ ብሎ ያጎርሳቸዋል፤ አሁንም በሞቴ፣ እንደገና በሞቴ። ካቻምና አንድ ጊዜ በቃኝ ብለው ቢነሡ ቅር ብሎት እስከ ዳግም ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ቀረ። የንስሐ ልጃቸውን በአንድ ጉርሻ እንዳያጡት ፈርተው፣ ከዚያ ወዲህ እስኪያማቸው ይበላሉ።

እንግዲህ ያዙልኝ፣ ረጅሙ ይህ ነው። ዘውገ ቅር መሰኘቱን ካልተወ አባ እጃቸውን አያነሡም፤ አባ እጃቸውን ካላነሡ ባንቲሁን ላት መዳበሱን አይተዉም፤ ባንቲሁን ላት መዳበሱን ካልተዉ ይርጋ ሙክቱን አያስቀርም፤ ይርጋ ሙክቱን ካላስቀረ ደብሪቱ ማጉረሱን አትተውም፤ ደብሪቱ ማጉረሱን ካልተወች አልጣሽ ጎመን አታወጣም፤ አልጣሽ ጎመን ካላወጣች ዘውገ ትንሽ ሰሃን አያገኝም። ዘውገ ቀኑን ሙሉ ሁሉም የሚፈራውን ሰው ሲፈልግ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ደረሰ። ተንበረከከና የአባን ጉልበት ሳመ። ነገ ቢበሉም ባይበሉም እንደማይቀየም ቃል ገባላቸው። ለሌሎቹም ይህንኑ ላከባቸው፤ ሁሉም እሺ አሉ፣ ሆኖም አንዳቸውም ፈጽመው አላመኑትም። ይርጋ እንኳ ሙክቱን አላረደውም እንጂ ቢላውን ስሎ ነው ያደረው።

ፋሲካ ጠዋት ሁሉም በዘውገ ገበታ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ዶሮ ወጡ ቀልቶ መሃል ላይ ተቀምጧል። አልጣሽ ጎመኑን በትንሽ ሰሃን አድርጋ ጓዳ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ወደ ፊት አትራመድም፣ ወደ ኋላም አትመለስም። ደብሪቱ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራለች። ይርጋ ባንቲሁንን ያያል፣ ባንቲሁን አባን ያያሉ። አባ ባረኩ፣ አንዲት ጉርሻ ቀመሱ፣ እጃቸውንም ሊያነሡ ዘውገን ተመለከቱት።

የዘውገ እጅ የለመደውን አደረገ። እንጀራውን ጠቅልሎ፣ ከወጡ ከስቡ በኩል አጥቅሶ፣ ወደ አባ አፍ ተነሣ። በሞቴ የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ሊከፍቱ ነው። ዘውገ የገዛ እጁን አይቶ ፈራው፤ በሕይወቱ እንደዚያ የፈራው ነገር የለም። ያ እጅ አምና ራሱን የጣለው፣ አባንም ሊጥል የተዘረጋው እጅ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አቆመውና ጉርሻውን መልሶ ከራሱ ፊት አስቀመጠው።

«አባቴ፣ ከበቃዎት ይበቃል» አለ።

አባ እጃቸውን አነሡ። አባ እጃቸውን ቢያነሡ ባንቲሁንም ላት መዳበሱን ተዉ፤ ባንቲሁን መዳበሱን ቢተዉ ይርጋም ሙክቱን በልቡ ማረ፤ ይርጋ ሙክቱን ቢምር ደብሪቱም ማጉረሱን ተወች፤ ደብሪቱ ማጉረሱን ብትተው አልጣሽ ከጓዳው ደጃፍ ተራመደች። ጎመኑን አምጥታ ከባሏ ፊት አስቀመጠችለት። ዘውገ ትንሽ ሰሃኑን አገኘ። ባንቲሁን ሰሃኗን አሻግረው አይተው፣ ለእኔም አንዲት እንዲያች ያለች ብትኖር አሉ፤ ከዚያ አባ፣ ከዚያ ደብሪቱ። አልጣሽ ጎመኑ አነሰኝ ብላ ደግሞ ደነገጠች።

ሰኞ ዕለት ዘውገ ሱቁን ከፈተ። አምና የወደቀበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ክሩን ወደ መርፌው ቢልከው በአንድ ጊዜ ገባለት። አልጣሽ ምሳ አመጣሁ በሚል ሰበብ ደጋግማ ብቅ እያለች መቀመጡን አይታ ተመለሰች። በዚያ ሳምንት ከዘውገ ገበታ ከበሉት ሁሉ ወገብ ለቀቅ አድርግልኝ ያለው አልነበረም። በዚያ በዓል የወፈረው ሙክቱ ብቻ ነው።

ሰንሰለቴን ይኸው መለስኩላችሁ፤ ቀለበቶቹን ቁጠሩና አስቀምጡልኝ። ለድካሜ አፍህን በዳቦ አብሳለሁ የሚለኝ ካለ ግን ዳቦውን ይተውልኝ፤ ለእኔም ትንሽ ሰሃን ጎመን ይበቃኛል።