በማኅተሙ ላይ ያረፈ መሮ

ስሟን መጥራት አያስፈልገንም፤ የሲራራ ነጋዴ ወደ በረሃው ከመውረዱ በፊት ጭነቱን የሚያራግፍባት፣ ገበያዋን ከመስጂዷ አጥር ሥር የዘረጋች አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ አንጥረኛ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ጉትቻና አምባር ይሠሩ ነበር፤ የታወቁት ግን ምንም ጌጥ በሌለው ሥራ ነው። የተሰበረ ጌጥና ከወንዝ የታጠበ የወርቅ አሸዋ ሲመጣላቸው አቅልጠው የጣት ርዝመት ያለው ጥፍጥፍ ያደርጉታል፤ ጫፉ ላይም ማኅተማቸውን ይመቱበታል።

ጥፍጥፍ ወርቅ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋምና ላስረዳ። ጌጥ ሲገዛ የእጅ ዋጋ አለበት፤ ሲሸጥ ያን የእጅ ዋጋ ውሃ ይበላዋል። ጥፍጥፍ ግን ክብደቱና ጥራቱ ብቻ ነው፤ ሌላ የሚያስከብረው ነገር የለውም። ስለዚህ የየቲም፣ ወላጅ የሞተበት ልጅ፣ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው በጥፍጥፍ ያስቀምጣል፤ ዘካውን ለማስላት ሚዛን ላይ ማኖር ይበቃዋል። ሐጅ ሊሄድ የነየተም እንዲሁ ነው፤ እስከ መካ ድረስ በየትኛውም ገበያ ወርቅ ወርቅ ነው፣ አስተርጓሚ አይሻም።

በዚያ አገር ወግ ጥፍጥፍ የሚገዛ ሰው መሮ አኑሮበት በመዶሻ ይመታል፤ ለሁለት ከፍሎ ሆዱን ያያል። በዚህ የሚቀየም ሻጭ የለም። የሐጂ ቡሽራ ማኅተም ያለበትን ግን የሚከፍል አልነበረም፤ ነውር ነው ተብሎ ነበር። እንዴት ተደርጎ! ሱብሒን ከፊተኛው ሰፍ ቆመው የሚሰግዱ ሰው በመሮ ሊፈተኑ? ሐጂም ሰው ናቸውና ይህን ሲሰሙ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

አንድ ዓመት የሐጅ ተጓዦች በማግስቱ ሊነሡ፣ ኑሪያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጥፍጥፏን ይዛ ገበያ ወጣች። ጨው እየቸረቸረች በጥቂት በጥቂቱ የገዛችውን ወርቅ ከሙሽርነት ጉትቻዋ ጋር ሐጂ ናቸው አቅልጠው የሠሩላት። እሱን ሸጣ የመርከቧንና የስንቋን ልትከፍል ነው። ጉልበቷ እየከዳት ነበርና፣ ዘንድሮ ካልሄደች ከዚያ ወዲያ እንደማይሆንላት ታውቀዋለች።

ገዢው ተማም የሚባል፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ወጣት ነጋዴ ነበር። ጥፍጥፉን መዘነና መሮውን አነሣ።

ገበያው ተንጫጫ። «አንተ! የሐጂን ማኅተም በመሮ? አታፍርም?»

ኑሪያ ራሷ ደነገጠች። «ተው ልጄ፣ ሐጂን አታዋርድብኝ። ቀንሰህም ቢሆን ውሰደው» አለችው።

«እናቴ፣ እኔ ሐጂን አላውቃቸውም። የማውቀው ወርቅ ነው» አለ ተማም።

አንዱ እየሮጠ ሄዶ ለሐጂ ነገራቸው፤ እሳቸውም መጡ። ወሬ ወዳዱ ሁሉ ልጁ ዛሬ ልኩን ሊያገኝ ነው ብሎ ከበባቸው። ሐጂ ግን መሮውን ከተማም እጅ ተቀበሉና «ቢስሚላህ» ብለው ጥፍጥፉን ራሳቸው ከፈሉት።

ሆዱ ቀልቶ ታየ። መዳብ ነበረበት።

ሐጂ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። በኑሪያ ጉትቻ ብየዳ ውስጥ መዳብ ነበረ። ጥፍጥፍ ከእሳት ሲወጣ ጠቁሮ ስለሚወጣ በሎሚና በጨው ይቀቀላል፤ ይህም ከላይ ያለውን መዳብ በልቶ ቆዳውን ጥሩ ወርቅ ያደርገዋል። ወርቅ ተፍቆበት ቀለሙ የሚታይበት መፈተኛ ድንጋይ ደግሞ የሚያውቀው ቆዳውን ብቻ ነው። ለዚህ ነበር የጥንት አንጥረኞች ማኅተም ከመምታታቸው በፊት ጥፍጥፉን ሸርፈው ሆዱን የሚያዩት። ሐጂም በወጣትነታቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር። ኋላ ግን የሚጠይቃቸው ሲጠፋ ሽርፊያውን ተዉት።

ሰዉ ሊያድናቸው ተሽቀዳደመ። «የገዛ ጉትቻዋ መዳብ ነው፤ እርስዎ ምን አጠፉ?» አሉ ሽማግሌዎቹ። ኑሪያም እንባዋ እየወረደ «እውነታቸውን ነው ሐጂ፣ የኔው መዳብ ነው። አላህ አልጻፈልኝም» አለች።

«መዳቡ ያንቺ ነው፤ ውሸቱ ግን የኔ ነው» አሏት ሐጂ። «ጥሩ ወርቅ ነው ያለው ማኅተሜ ነዋ። ነይ፣ ስንቅሽን አሰናጂ።»

ከዙሁር ሶላት በኋላ በሰው ፊት ወናፉን አስነፉ። እርሳስ ጨምረው ደጋግመው አነጠሩት። መዳቡ ከእርሳሱ ጋር ወጣ፤ ጥፍጥፉም ቀለለ። ያኔ ሐጂ ለእርጅናቸው ያኖሩትን የራሳቸውን ጥፍጥፍ አወጡ፤ አስቀድመው በመሮ ከፍለው ጥራቱን ለተማም አሳዩትና የጎደለውን ቆርጠው ሞሉላት፤ ተማምም ገዛት። ኑሪያ በማግስቱ ከተጓዦቹ ጋር ወረደች፤ ሐጅ አድርጋም በደኅና ተመለሰች፣ አልሐምዱሊላህ።

ሐጂ ግን በዚያ አላበቁም። ጁሙዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ከመስጂዱ በር ላይ ተቀምጠው ማኅተማቸው ያለበትን ጥፍጥፍ ሁሉ አምጡ አሉ። ሰዉ አፍሮ እግሩን ሲጎትት፣ «እኔን አትፈሩኝ፤ የየቲሙን ገንዘብ ፍሩ» አሏቸው። አመጡ፤ ሁሉም በመሮ ተከፈለ። ብዙው ጥሩ ነበር። መዳብ የተገኘባቸውን ሐጂ እያነጠሩ ሞሉ፤ የእርጅናቸው ጥፍጥፍም በዚሁ አለቀ። በዚያ ቀን ያያቸው ሰው ሁሉ ፊታቸው እንደ ዒድ ቀን በርቶ ነበር ይላል። ተማምንም አስጠርተው ረጅም ዱዓ አደረጉለት።

አንድ ወዳጃቸው አዝኖ፣ «ስምዎን በገዛ እጅዎ ቆራረጡት እኮ» ቢላቸው ሐጂ እንዲህ አሉ፦

«የታመነ ሰው አይፈተን ማለት፣ ብቻውን ይሳሳት ማለት ነው።»

ወገኖቼ፣ ሐጂ ቡሽራ ሌባ አልነበሩም። ያሳሳታቸው የኛ ዓይነት ሰው ነው፤ አክብሮ ዝም የሚል ሰው። ማክበራችን ልባቸውን አሰነፈው፤ አንዲት ምስኪን ሴትም ካዕባን ሳታይ ልትቀር ነበር። ዛሬም አማና፣ የሰው አደራ፣ የያዘውን ሰው «እስቲ አሳየን» ማለት ስድብ ይመስለናል፤ እኛም ስንጠየቅ ፊታችን ይጠቁራል። የወደደን ሰው ይጠይቀን፣ የወደድነውንም እንጠይቅ። በልባችን ያለውን ከኛ አብልጦ የሚያውቀው ጌታችን የቂያማ ዕለት ሚዛን ያቆማል። እሱ እንኳ «አውቃችኋለሁና አልመዝናችሁም» አላለንም።