የመምህር ጎበዜ ውሃ መሳቢያ

በእኛ ከተማ ሰው ሳይሞክር ስለ ሥራ አብዝቶ ሲናገር፣ አጠገቡ ያለው ፈገግ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ብዙ ሰው ከጥንት የመጣች ይመስለዋል። የወጣችው ግን ከትምህርት ቤታችን ግቢ ነው፤ እኔም በቦታው ነበርኩ።

ነገሩን የጀመረችው የትምህርት ቤታችን የሳይንስ አስተማሪ ሰዓዳ ናት። ተማሪዎቿ ስለ ውሃ ግፊት ሸምድደው መቶ ከመቶ ያመጣሉ፤ የቤታቸው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ግን ቆመው ያያሉ። ይህ አበሳጫትና ከየትምህርት ቤቱ ስምንት መምህራን አሰባስባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤቷ ግቢ ሥራ አስጀመረች። "መጀመሪያ እኛው በእጃችን እንሥራ፤ ከዚያ ልጆቹን እናሠራለን" አለቻቸው። ከወዳደቀ ዕቃ ሚዛኑን፣ የንፋስ መዘውሩን፣ ውሃ መሳቢያውን ይሠሩ ጀመር።

ከስምንቱ አንዱ መምህር ጎበዜ ነበር። አንደበቱ ማር ነው። ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም፤ ግን ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ቆሞ ደብተሩ ላይ ይጽፋል እንጂ መጋዝ አይነካም። የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ አስካለ ደግሞ ድምፅዋ አይሰማም፣ እጇም አያርፍም። ውሃ መሳቢያውን አራት ጊዜ ሠርታ አራት ጊዜ አበላሽታዋለች።

"አስካልዬ፣ ቧንቧ ጨረስሽ እኮ!" ይላታል ጎበዜ።

"ገና ነኝ" ትለዋለች።

ክረምቱ ሲቃረብ ሥራውን የሚያስጠልል ቤት አስፈለገ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባዶ መጋዘን ስለነበር ሰዓዳ ለወላጆች ኮሚቴ አመለከተች። ለካ አንድ የእህል ነጋዴም ልከራየው ብሎ ጠይቆ ኖሯል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሼህ ይመር፣ "በወላጆች ቀን ሥራችሁን አሳዩንና እንወስናለን" አሏት።

"አምስተኛው ተሳክቶላታል፤ አስካለ ታሳይ" አለች ሰዓዳ ለጓደኞቿ።

"ኧረ በእግዜር! በሰው ፊት ቃል ከአፏ አይወጣም። እኔ ላሳይ፤ አሠራሩን ከነመጠኑ ጽፌዋለሁ" አለ ጎበዜ።

ሰዓዳ ልቧ ባይፈቅድም፣ ባልደረባዋን ማሳፈር ከበዳትና እሺ አለች።

ቀኑ ደረሰ። ጎበዜ ስለ አየር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ግፊት ሲተነትን ሰው በጭብጨባ ተቀበለው። ከዚያ ከአሮጌ ሸበጥ ክብ ቆርጦ በዘንግ ጫፍ አሰረ፤ ውሃው እንዳይመለስ ብይ ከታች ያለበት ቧንቧ ውስጥ ከተተው፤ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ሳብ ገፋ አደረገ። ፊሽሽ! ደገመ። ፊሽሽ! ውሃ የለም። ላቡ ደብተሩ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ወላጆች መሳቅ ጀመሩ፤ ነጋዴውም ጎረቤቱን ጎሸም አደረገ። ሰዓዳ መጋዘኑ ከእጇ ሲወጣ ታያት።

ያኔ አስካለ ከኋላ ተነሥታ መጣች። ዘንጉን መዘዘችና የሸበጡን ቁራጭ በአውራ ጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

"ጠቧል፤ አየር ያሾልካል። የእኔም የመጀመሪያው እንዲህ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ሰፍቶ ተቀረቀረ።"

ሰፋ ያለ ቆረጠች፤ ጠርዙን በድንጋይ አሸት አሸት አድርጋ ገጠመችውና ዘንጉን ለጎበዜ ሰጠችው።

"በል አሁን ሞክር።"

"እኔ?"

"አንተ ነዋ!"

ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበና ገፋ። ውሃው በጎን ካለችው ቱቦ ተወርውሮ ከፊት የተቀመጡትን ሼህ ይመርን ከነጋቢያቸው አራሳቸው። ግቢው በእልልታና በሳቅ ተናጋ። ጎበዜ ጋዋኑን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ።

"አስካልዬ፣ እስቲ እኔም ልቁረጥ፤ አንቺ እረሚኝ።"

እዚያው ሁለት አበላሸ። ሦስተኛው ውሃ ሲያወጣለት ያ የተከበረ መምህር እንደ ልጅ ዘለለ።

ነጋዴው ግን አላስችል ብሎት፣ "የመጋዘኑስ ነገር እንዴት ሆነ?" ብሎ ጠየቀ።

ሼህ ይመር የረጠበ ጋቢያቸውን እየጨመቁ፣ "መጋዘኑን ለእነ ሰዓዳ ሰጥተናል፤ ልጆቻችንም ገብተው ይነካኩ፤ ያየ ያወራል፣ የነካ ይሠራል" አሉ።