ባዳ የተባለው ልጅ

አንዲት እናት የወለደችውን ልጅ «ባዳ» ብላ ጠራችው። ከእሱ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። የመንደሩ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ሞት የሚወስደው የሚሳሱለትን ነው። ይኼኛውን የሌላ ሰው ልጅ አስመስለሽ አሳድጊው» አሏት።

ምክሩን ፈጸመች። «እማዬ» እንዳይላት ከልክላ «እትዬ» አስባለችው። ሲወድቅ፣ «ተነሥ፣ ባዳ» ትለውና ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች።

ልጁ ሳይሞት አደገ።

መንደርተኛው የስሙን ምክንያት ያውቃል። ስም ሲደጋገም ግን ምክንያቱ ይረሳል። ድግስ ላይ፣ «ባዳ፣ አንተ ወደ በሩ ጠጋ በል፤ ይኼ የዘመድ ቦታ ነው!» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ወደ በሩም ይጠጋል።

የእትዬ የሆዷ ልጅ መሆኑን ነግረውታል። ቢሆንም ጎልማሳ ሲሆን ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሶ ለብቻው ኖረ። እንጨት ፈልጦ ያመጣላታል። ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። «ግባ» ካልተባለ አይገባም።

ሞት እንደተታለለ ሲገባት ስሙን ልትለውጥለት ፈለገች። አፏ አልታዘዝ አላት። «ባዳ» አለችው። «አቤት፣ እትዬ» አላት። በዚሁ ቀረ።

አርጅታ ታመመች። አንድ ቀን እንጨቱን አውርዶ፣ «ግባ» ተብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ «የኔሰው!» አለችው። በልቧ ስትጠራው የኖረችበት ስም ነው። ከአፏ የወጣው ግን ያን ጊዜ ነው።

ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም።

«የኔሰው፣ ና አጠገቤ!»

«እትዬ፣ ሰውየውን አላውቀውም። ቤቱን ይንገሩኝና ሮጬ ልጥራልዎት።»

እጇን ዘረጋችለት። ወደ ደጅ የጠቆመችው መሰለውና ወጣ። በየቤቱ እየዞረ፣ «እዚህ የኔሰው የሚባል አለ?» ብሎ ጠየቀ። «የለም» አሉት። ሲመለስ ሞታ አገኛት።

ስም የሌለውን ነገር ዓይን አያየውም ይባላል። እኔ እንጃ። የእናትየው ፍቅር ነበረ። ልጁ ግን ፍቅሯ የሚጠራበትን ቃል ሰምቶ አያውቅምና፣ ሲጠሩት ስሙ የሌላ ሰው መሰለው። በሰጠነው ስም ሰውን ብቻ አንጠራም፤ የሚቆምበትን ቦታም እናሳየዋለን። እናንተስ የምትሳሱለትን ሰው ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?

እናትየው ተቀበረች። ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሄደ። ባዳ ብቻውን ቀረ።