እሷ ጉሹን፣ እኔ ቅራሪውን

ተረት ላውራችሁ? «አውራን!» በሉኛ። እሺ።

ዱሮ ነው። ዱሮ ማለቴ፣ ቆዳ ፋብሪካ ከመጣ ወዲህ ያለው ዱሮ ነው። ከፋብሪካው በታች ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። ላይ፣ የፋብሪካው ፍሳሽ ቱቦ አፍ ላይ፣ ሸምበቆ መሳይዋ ረጅሟ ፊላ። ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቄጤማ። ቄጤማ ዓመቱን ሙሉ የምታልመው አንድ ነገር ነው፦ ለፋሲካ እትዬ ዝማም መጥተው እንዲያጭዷትና እልፍኛቸው ውስጥ እንዲጎዘጉዟት።

ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ቡናማ ነው፤ አረፋውን ደፍቆ ይመጣል። ፊላ ሥር ገብቶ ሲወጣ ግን ኩልል ይላል። ቄጤማ ይህን ስታይ ዓይኗ ቀላ።

«አያችሁልኝ? እሷ ጉሹን፣ እኔ ቅራሪውን! ይሄ ሁሉ ቁመት ከምን መጣና!»

ወደ ውሃ ዞረች። «ውሃ፣ እሷን ዝለልና ወደኔ ና።»

«እግር በየት አለኝና ልዝለል? እኔ እንደሆንኩ ቁልቁል መንሸራተት ነው።»

ወደ እንቁራሪት ዞረች። «እመት እንቁራሪት፣ የዚችን ሥር ማሺልኝ።»

«ልጆቼን ያሳደግሁት እሷ ባጠለለችው ውሃ ነው። ወግጂ፣ ምቀኛ!»

ወደ በሬ ዞረች። «አያ በሬ፣ ያቺን ፊላ አትረግጥልኝም?»

«እዚያስ አልደርስም። ወንድሜ እዚያ ፋብሪካ ገብቶ ጫማ ሆኖ ነው የወጣው።»

«ታዲያ ከቱቦው የሚወርደውን የወንድምህን የተዝካር ጠላ ማን እየጠጣው ይመስልሃል? እሷ ብቻዋን! እሷ ጉሹን፣ እኔና አንተ ቅራሪውን!»

በሬ ሆዬ ደሙ ፈላ። ሄዶ ፊላን ደፈጠጣት።

ቡናማው ውሃ እያረፋ ወረደ። ቄጤማ አንድ ጊዜ ጎነጨች፤ «እልልል!» አለች። ሁለተኛ ጎነጨች፤ ጉሮሮዋን ፋቃት። ሦስተኛ ጎነጨች፤ ብጫ ሆና ተኛች።

በቅዳም ሹር እትዬ ዝማም ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ኤዲያ! ይሄን ጎዝጉዤ እንግዳዬን ላባርር?» ብለው ሌላ መስክ ሄዱ።

ቄጤማ አለቀሰች። «እህቴ ፊላ፣ ጉሽ መስሎኝ ነው!»

ፊላ ከጭቃው ሥር መለሰች፦ «እኔስ የያዝኩልሽ አተላውን ነበር። ግድ የለም፣ ሥሬ አልሞተም፤ አቆጠቁጣለሁ።»

«ፋሲካዬስ?»

«እሱማ ለከርሞ ነው።»

የጎረቤትህን ዋንጫ ከመመኘትህ በፊት ምን እንደተቀዳበት አሽትት። እኔ ተርቼ ደረቅሁ፤ ጠላ ያላችሁ፣ አጥልላችሁ ስጡኝ።